የተበሳው ማርክ

የወልደዮሐንስን አፍ የከፈተው ሐኪም ሳይሆን አሥር አለቃ ባቻ ነበር። ሬሳው በወሰኔ ከረንቡላ ቤት ጓሮ፣ እጣቢ በሚወርድበት ቦይ ውስጥ በጀርባው ተንጋሎ ነበር። የነቀምቴ ዝናብ ሌሊቱን ሲወቅጠው አድሮ ጭቃው እስከ ጆሮው ደርሷል። ጉንጮቹ ተወጥረዋል። ዕድሜውን ሙሉ ሲበላ የኖረ ሰው፣ ሞቶም ጉርሻውን ያልዋጠ ይመስላል። ባቻ በጣቱ ሲጎረጉር አንድ የቆርቆሮ ማርክ ወጣ። ሌላ ተከተለ። ከዚያም ሌላ።

መቶ አለቃ ዘነበ እፍኙን ማርክ በመሐረቡ ተቀበለና ፊቱን አዞረ። ከጎጃም ወጥቶ ፖሊስ ከሆነ ጀምሮ ብዙ ሬሳ አይቷል። እንዲህ ያለ ጸያፍ ነገር ግን ገጥሞት አያውቅም። ሰው ሰውን ይገድላል፣ ይህ ከቃየል ጀምሮ የነበረ ነው። ገድሎ ማጉረስ ግን ምን የሚሉት ጥጋብ ነው?

ሟቹን የማያውቅ ነጋዴ በከተማው አልነበረም። ወልደዮሐንስ የሽያጭ ታክስ ተቆጣጣሪ ነበር። ማርኩንም የማያውቅ የለም። በወሰኔ ቤት ከረንቡላ የሚጫወት፣ ቢራ የሚጠጣ፣ ሳሙና ወይም ሲጋራ የሚገዛ ሁሉ አስቀድሞ ከባንኮኒው ማርክ ይገዛል፤ ከዚያ ወዲያ እዚያ ቤት ውስጥ የሚሠራው ብር ሳይሆን ማርክ ነው። ያሸነፈ የተሸናፊውን ሰብስቦ ሲያሻው ይጫወትበታል፣ ሲያሻው ሻይ ይጠጣበታል፣ ሚስቱን የፈራ ደግሞ ሳሙና ይዞበት ይገባል።

የጣቢያው አዛዥ ሻምበል ተድላ ቦት ጫማውን ጭቃ እንዳይነካው ከቦዩ ማዶ ድንጋይ ላይ ቆሞ ፊሽካውን በመዳፉ ያገላብጣል።

«ይኸ ምን ምርመራ ያስፈልገዋል?» አለ። «ማርኩ የወሰኔ፣ ጓሮው የወሰኔ፣ ጠቡም የወሰኔ። የሐሙሱ መኪና ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ ሰውየውን ጫንልኝ። የመንግሥት ሠራተኛ ግድያና የኢኮኖሚ አሻጥር ነው። እዚያ የሚያደርጉትን እነሱ ያውቃሉ።»

ፊሽካውን ደረት ኪሱ ከቶ ሄደ። እዚያ የሚያደርጉትን ዘነበም ያውቃል። በዚህ ዓይነት ክስ ተጭኖ ሄዶ የተመለሰ ነጋዴ አላየም።

*

ወሰኔን ከአልጋው ላይ ነበር ያነሡት፤ ዘነበ ጣቢያው ውስጥ በባዶ እግሩ ሲሚንቶ ላይ ተቀምጦ አገኘው። ከጉራጌ አገር በልጅነቱ መጥቶ፣ በጀርባው ልብስ እያዞረ ጊዳ አያናን፣ ኡኬን፣ ጉቴን በእግሩ አዳርሶ፣ በመጨረሻ አንዲት የከረንቡላ ጠረጴዛና አንዲት ባንኮኒ ያፈራ ሰው ነው። አላለቀሰም። ሲጠየቅ ግን ለዓመታት ሲያጉረመርም የኖረው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወጣ።

«ጌታዬ፣ ሰው ማርክ ሲገዛ ምን ገዛ?» አለ። «ገና ምንም አልገዛም። ብሩን በቆርቆሮ ለወጠ እንጂ። ሻይ ይጠጣበት፣ ሳሙና ይውሰድበት፣ ይጫወትበት፣ እሱም አያውቅ፣ እኔም አላውቅ። የሻይ ታክስ ሌላ፣ የቢራ ሌላ፣ የጨዋታ ሌላ። ታዲያ ባልታወቀ ነገር ላይ ታክስ እንዴት ይቆረጣል?»

ወልደዮሐንስ ግን ቆርጧል። ማርኩ ሲሸጥ አንድ ጊዜ፣ በማርኩ ሻዩ ሲቀዳ ደግሞ ሌላ ጊዜ። ወሰኔ ለሁለተኛው ብር ሲያጣ፣ ተቆጣጣሪው ግብሩን በራሱ በማርኩ መውሰድ ጀመረ። ይህ የመንግሥት ነው እያለ በመብሻ መሐሉን ይበሳዋል፣ ይዞት ይሄዳል። ከዚያ ብሱ ማርክ በሌላ ሰው እጅ ተመልሶ ይመጣና ቢራ ይጠጣበታል፤ ስለተጠጣው ቢራ ደግሞ ወሰኔ ታክስ ክፈል ይባላል። ግብሩን በማርክ ይወስዳሉ፣ የወሰዱትን ይጠጡታል፣ ስለጠጡት ያስከፍሉታል። ሌባ እንኳ የሰረቀብህን በግ አርዶ የቢላዋ አላስከፈለህም።

ዓርብ ዕለት ከአዲስ አበባ የመጣ የገንዘብ ሚኒስቴር ሰው በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ነጋዴውን ሰብስቦ ነገሩን ቆርጦት ነበር። ማርክ ዕቃ አይደለም፣ አስቀድሞ የተከፈለ ገንዘብ ነው፤ ታክሱ የሚታሰበው ዕቃው ወይም አገልግሎቱ በተሰጠበት ጊዜ፣ በተሰጠው ነገር ልክ ነው፤ ማርክ ሲሸጥ የተሰበሰበው ሁሉ ለባለቤቱ ይመለስ አለ። ነጋዴው አጨበጨበ። ወልደዮሐንስ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ቅዳሜ ከሰዓት ቤቴ መጣ» አለ ወሰኔ። «ብቻዬን አልበላሁም፣ ሰኞ ሁሉንም ለሚኒስቴሩ ሰው ተናግሬ አስመልስልሃለሁ ብሎ እጄን ይዞ ማለልኝ። ገንዘቤን ሊመልስልኝ ያለውን ሰው ምን ልሁን ብዬ እገድለዋለሁ?»

ዘነበ ከማን ጋር ነበር የሚበላው ብሎ ጠየቀ። ወሰኔ የእግሩን ጣቶች ማየት ጀመረ።

«ልጆች አሉኝ፣ ጌታዬ።»

*

የሆስፒታሉ ሐኪም ነገሩን አሳጠረው፤ ሰውየው የሞተው በማርኩ ታፍኖ አይደለም። በቀጭን የተጎነጎነ ገመድ ታንቆ ነው፤ የጉንጉኑ ቅርጽ አንገቱ ላይ ቀርቷል። ማርኩ የተጎሰጎሰበት ከሞተ በኋላ ነው። ዘነበ ማርኮቹን በጋዝ አጥቦ አንድ በአንድ ሲያያቸው ሁሉም ብሶች ነበሩ። በአንደኛው ቀዳዳ ጠርዝ ላይ ነጭ የጥጥ ክር ተይዟል።

«በገመድ የተሰኩ ነበሩ ማለት ነው» አለ ባቻ። የነቀምቴ ልጅ ነው፤ ለነገር አይቸኩልም። «ገመዱ አንቆ ተበጠሰ፣ ማርኩ ተበተነ። ገዳዩም ለቅሞ አጎረሰው። ዋቃዮ፣ ምን ዓይነት ልብ ነው?»

ወደ ወሰኔ ቤት ሄዱ። ሚስቱ አሰፋች ሕፃን አዝላ በሩን ከፈተችላቸው። ዘነበ ሬሳው የተገኘ ዕለት፣ እሑድ ጠዋት፣ ሲገባ የበሩን መቃን አይቶት ነበር፤ ከላይ እስከ ታች በቆርቆሮ ማርክ ተለብጧል። ያን ዕለት የከረንቡላ ቤት ጌጥ መስሎት አልፎታል። አሁን ቀርቦ ሲያየው እያንዳንዱ ማርክ በመሐል ቀዳዳው በሚስማር ተቸንክሯል።

አሰፋች ሳትጠየቅ ነገረችው። ብስ ማርክ ተመልሶ ሲመጣ ወሰኔ ወደ መሳቢያው አይከተውም። ከከተተው ነገ ለሌላ ሰው ይሸጠዋል፣ ለሸጠውም እንደገና ይቀረጣል። ስለዚህ ያንኑ ዕለት መዶሻ አንሥቶ መቃኑ ላይ ይመታዋል። ጎረቤት አበደ ብሎታል። እሱ ግን አንድ ቀን የሚጠይቅ ከመጣ ሌላ ማስረጃ የለኝም፣ በሬ ይመስክርልኝ ይላል።

ዘነበ በጩቤው አንዱን ፈልቅቆ አወጣ። ማርኩ በመዶሻ ተደፍጥጧል፤ ቀዳዳው ተቀድዶ ሰፍቷል፣ የሚስማሩ ዝገትም ዙሪያውን አቅልሞታል። ከሬሳው አፍ የወጡት ግን ለጥ ያሉ ናቸው፤ ቀዳዳቸው ከመብሻው እንደወጣ ክብ ነው። እነዚያ ማርኮች ከተበሱ ወዲህ አንድ ቀንም ወደ ወሰኔ እጅ አልተመለሱም። ገዳዩ ማርክ ሁሉ የወሰኔ ነው ብሎ አስቦ ነበር። ብስ ማርክ በወሰኔ ቤት ከበሩ በቀር ማደሪያ እንደሌለው አላወቀም፤ መቃኑን እንደ ዘነበ ጌጥ ነው ብሎ ያለፈ ሰው ነው።

«ብስ ማርክ ይዞ እየመጣ የሚጠጣው ማነው፣ እመቤት?»

አሰፋች ቀና ብላ አየችው። ዓይኗ ፊቱ ላይ አልነበረም፣ ትከሻው አካባቢ ቀረ። ከዚያ ያዘለችውን ሕፃን እሹሩሩ ማለት ያዘች፣ ሕፃኑ ግን አላለቀሰም።

«ማል ጎና» አለ ባቻ ሲወጡ፣ ምን እናድርግ ማለቱ ነው። «ፈርታለች፣ ጎፍታ። የፈራ ሰው ግንብ ነው።»

*

በዚያ ሰፈር ሰው የሚፈራው መጀመሪያ የቀበሌውን ሊቀመንበር መሸሻን ነው። መሸሻ ያለ ፊሽካ አይወጣም፤ ፊሽካውን ነፋ ማለት አብዮት ጥበቃ መጣ ማለት ነው። ዘነበ ሥጋ ቤት አገኘው። ጥሬውን በአዋዜ እያጠቀሰ ይጎርሳል፣ ጮማው በአገጩ ይወርዳል፣ እየጎረሰ ያወራል። ዘነበ እንዲቀመጥ ቢለመንም ቆሞ ቀረ።

መሸሻ ቅዳሜና እሑድ ጉቴ ለገበሬ ማኅበር ስብሰባ ሄጄ አድሬያለሁ አለ። ፊሽካው አንገቱ ላይ የተንጠለጠለው በገመድ ሳይሆን በነሐስ ሰንሰለት ነው፤ ሰንሰለቱ አንገቱን አረንጓዴ አድርጎታል፣ ሲያደርገው የኖረ ነው። ዘነበ ግን እዚያ አላቆመም፤ ባቻን ወደ ጉቴ ላከው።

ባቻ በማግስቱ ሲመለስ ፊቱ ጠቁሮ ነበር። ስብሰባ የሚባል አልነበረም። ሊቀመንበሩ የአንድ ድሃ ገበሬ ሙክት አሳርዶ፣ የገበሬውን ቤተሰብ ከቤቱ አስወጥቶ፣ ሁለቱንም ቀን ጓዶቹን ይዞ ሲጠጣ ከርሟል። መንደሩ ሁሉ አይቶታል። ጉቴ ነበር፣ ይህ እውነት ነው። ከወንጀል ነጻ የሚያወጣው ሌላው ወንጀሉ ነው። ዘነበ እውነተኛ ምስክር አግኝቶ እንዲህ የቀፈፈው ጊዜ ትዝ አይለውም።

ሻምበሉ በዚያው ቀን አስጠርቶት ስለ ወሰኔ ጠየቀው። ዘነበ ማርኩ ከወሰኔ አልወጣም ብሎ ስለ በሩ ሲያስረዳው ተድላ ሳቀበት፤ ሰው ለመስቀል የተሰናዳን ገመድ በሚስማር ልታስቀረው ነው ወይ አለው። ከዚያ ሳቁ ድንገት ቆመ። ሐሙስ ማለዳ ነው፣ አለ።

*

የቀረው ፍንጭ ሐረግወይን ነበረች። ወልደዮሐንስ በየሳምንቱ ኡኬ ወጥቶ እሷ ጠጅ ቤት እንደሚያድር ከተማው ሁሉ ያውቃል። ዘነበ ሲደርስ ከል ለብሳ ብርሌ ታጥባለች። አነጋገሩን ስትሰማ አገሩን ጠየቀችው፣ የናቷ አገር ሆነ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀለለ፤ አንተ ትለው ጀመር።

ወልደዮሐንስ ብቻውን አይመጣም ነበር አለች። ሌላ ሰው በመኪና ይከተለዋል፣ መኪናውን ከዛፎቹ ሥር አቁሞ በጓሮ በኩል ወደ ውስጠኛው ክፍል ይገባል። ፊቱን አይታ አታውቅም፤ እሱ ሲገባ አንቺ ውጪ ነው የምትባለው። እዚያ ገብተው ይካፈላሉ፣ ሁልጊዜም በጭቅጭቅ ነው።

«ሌባ ሲሰርቅ አይጣላም፣ ሲካፈል ነው» አለች። «ያኛው ብሩንም ይወስዳል፣ ማርኩንም ይወስዳል። ሲወጣ ኪሱ እንደ ጸናጽል ይንሿሿል። ቅዳሜ ግን ወልዴ እዚህ አልመጣም። ዓርብ ማታ ብቅ ብሎ፣ ልናገር ነው ሐረጌ፣ ቀድሜ ካልተናገርኩ እኔን ብቻ ነው የሚሰቅሉኝ አለኝ። ለዚያ ሰውዬ ነግሬዋለሁም አለ። ምነው ባልነገርከው አልኩት።»

ዘነበ ማርኩ በምን ይያዝ እንደነበር ጠየቃት።

«አንድ ጊዜ ከወጡ በኋላ ብርሌ ሳነሣ ጠረጴዛው ላይ ረስተውት አይቻለሁ። በነጭ ገመድ ሰክቶታል። እንደ ሹሩባ የተጎነጎነች ገመድ።» ብርሌውን አስቀመጠችና በእርጥብ ጣቷ ወደ ግራ ትከሻው ጠቆመች። «አሁን አንተ ፊሽካህን ያሰርክባትን የመሰለች።»

ዘነበ እጁን ወደ ትከሻው ሰደደ። ያቺ ገመድ ከመቶ አለቃ ጀምሮ ላለ መኮንን ነው የምትሰጠው። በነቀምቴ ጣቢያ የሚያደርጓት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ እሱ ነው። ሌላው እሑድ ጠዋት ቦዩ ዳር ሆኖ ፊሽካውን በመዳፉ ሲያገላብጥ ነበር፤ ፊሽካው ያለ ገመድ ባዶውን ነበር። አሰፋች ምኑን ስታይ እንደነበረ አሁን ገባው። የሱን ትከሻ አይታ ነው አፏን የዘጋችው፤ እሱንም ከነሱ ቆጥራዋለች። ከነገሩ ሁሉ ይህ የበለጠ አስጠላው።

*

«እሑድ ንጋት ላይ ዘብ ነበርኩ» አለ ባቻ፣ ዘነበ ሲነግረው ብዙም ሳይገረም። «ሬሳው ገና አልተገኘም። ሻምበል እሑድ መጥተው አያውቁም። ፋኖስ ተቀብለውኝ ወደ መኮንኖች መጸዳጃ ገቡ። ሆዴን ነው አሉ። እኔም እግዜር ይማርዎ አልኩ።»

የመኮንኖች መጸዳጃ ከጣቢያው ጀርባ በቁልፍ የሚዘጋ ጉድጓድ ነው። ቁልፉም ያለው ሁለቱ ጋ ነው፤ አንድ ገመድ፣ አንድ ቁልፍ፣ ለማዕረጉ ክብር። ዘነበ ረቡዕ ሻምበሉ ለምሳ ሲወጣ ከፍቶ ገባ። ባቻ ረጅም የባሕር ዛፍ አጠና ላይ የታጠፈ ሚስማር አስሮ መጣ። የሠሩት ሥራ አይወራም። ዘነበ ሁለት ጊዜ ወጥቶ አስታወከ። ባቻ በጋቢው አፍንጫውን ጠቅልሎ እንደ ዓሣ አጥማጅ ታግሶ ቆየ፤ በመጨረሻ የተበጠሰች ገመድ ይዞ ወጣ። ነጭነቷ ጠፍቷል፣ ጉንጉኗ ግን አለ። በቋጠሮዋ ላይ አንድ ማርክ ቀርቷል። መሐሉ ተበስቷል።

ማስረጃው ተገኘ፤ አሁን ማን ይይዘዋል? መቶ አለቃ አዛዡን ልሰር ቢል ከማታ በፊት እሱ ራሱ ከወሰኔ አጠገብ ሲሚንቶ ላይ ነው። በከተማው ሻምበሉን የማይፈራ የታጠቀ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሾህን በእሾህ ይሉ የለ። ዘነበ እጁን ደጋግሞ ታጥቦ ወደ ሥጋ ቤቱ ሄደ።

መሸሻ ሰምቶ ሲጨርስ ዓይኑ በራ። ስለ ሟቹ አልጠየቀም፣ ስለ ወሰኔም አልጠየቀም። የጠየቀው ተድላ ከተነሣ የማርኩ ቁጥጥር ለማን እንደሚሆን ነው። ዘነበ አላውቅም አለ። መሸሻ እኔ አውቃለሁ ብሎ በጮማ እጁ ጨበጠው። ያቺን የተጨበጠች እጁን ዘነበ ሱሪው ላይ ሲጠርጋት ዋለ።

*

ሐሙስ ማለዳ መኪናው በጣቢያው ግቢ ተነሥቶ ይንተከተካል። ወሰኔ እጁ በሰንሰለት ታስሮ አንድ እግሩን መወጣጫው ላይ አድርጓል። አሰፋች ከአጥሩ ውጪ ጫማውን ይዛ ቆማለች፤ ዘበኛው አላስገባ ብሏታል። ሻምበል ተድላ ሊፈርም ብዕር ሲያወጣ ዘነበ ከፊቱ ቆመ።

«ሻምበል፣ የፊሽካ ገመድዎ የት ነው?»

«ጠፋብኝ። ለዚህ ነው መኪና የምታስቆመው?»

«እኔ አግኝቼልዎታለሁ።»

የጠቀለለበትን ጋዜጣ የሞተሩ ክዳን ላይ ዘረጋው። ሽታው ቀድሞ ተናገረ። ሾፌሩ አፍንጫውን ይዞ ሸሸ። ተድላ ገመዷን አየ፣ ቋጠሮው ላይ ያለውን ማርክ አየ፣ ከዚያ ዘነበን አየና በዝግታ ሽጉጡ ላይ እጁን አሳረፈ።

«ማን ሊይዘኝ ነው? አንተ?»

በሩ ላይ ፊሽካ ተነፋ። መሸሻ ከነአብዮት ጠባቂዎቹ ጠመንጃ ደግነው ገቡ፤ ገና ጠዋት ነው፣ ሊቀመንበሩ ግን እያላመጠ ነበር። ተድላ ዞሮ ያን ሁሉ አፈሙዝ ሲያይ እጁን ከሽጉጡ አነሣ። ብዙ አልካደም። ቅዳሜ ማታ ወልደዮሐንስን ከከረንቡላ ቤቱ ጀርባ ቀጥሮት፣ ዝም እንዲል ለምኖት እንደነበር ተናገረ፤ የለመነው እሱ መሆኑ ነበር ያናደደው።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል እያለ ያስጀመረኝ እሱ» አለ። «ሁላችንን አስበልቶ እሱ ንስሐ ሊገባ አማረው። ገመዱ ሲበጠስ ማርኩ ፈሰሰ። እንግዲያው ድርሻህን ብላ አልኩት።»

ይህን ሲል ድምፁ ውስጥ ትንሽ ኩራት ነበረች። ዘነበ ጭቃው ላይ ተፋ።

*

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ዘነበና ባቻ ወሰኔን ቤቱ አደረሱት። ዘነበ ለመዝገብ የሚሆነውን አስቀርቶ ከሬሳው አፍ ከወጡት ማርኮች የቀሩትን በወረቀት ቋጥሮ ይዞለት ነበር፣ ንብረቱ ነውና። ደጃፉን አልፈው እንደገቡ አንድ ሰው ባንኮኒው ላይ ተደግፎ አገኙት። የቀበሌው ሒሳብ ያዥ ነው፤ ደረቱ ላይ አዲስ ባጅ፣ በእጁ የወልደዮሐንስን መብሻ ይዟል። ሊቀመንበሩ ጊዜያዊ ተቆጣጣሪ አድርጎ እንደሾመው ተናገረ።

ስለ ዓርቡ ውሳኔ ሰምቷል፣ ያከብረዋልም። ማርክ ሲሸጥ ታክስ የለም። ዕቃ ሲሰጥበት ነው። ደህና። ነገር ግን ከቤት የወጣ ማርክ ዕቃ ሳይወሰድበት አይወጣም፤ ዘነበ የቋጠራቸው ማርኮች ደግሞ ከቤት ወጥተው ነው የተገኙት። ስለዚህ የነዚያ ታክስ ይቀራል አለ።

ባቻ በኦሮምኛ አንድ ነገር አጉተመተመ፤ አይተረጎምም። ዘነበ የተጨበጠች እጁን እንደገና ሱሪው ላይ ጠረጋት። ሊቀመንበሩን በገዛ እጁ ጨብጦታል፤ ይኸው ዋጋው።

ወሰኔ ግን አልተቆጣም። ሚስቱ ይዛው የዋለችውን ጫማ አጥልቆ፣ ወረቀቱን ከዘነበ ተቀብሎ ባንኮኒው ላይ ፈታው።

«እከፍላለሁ» አለ ለሒሳብ ያዡ። «ታክሱ በተሰጠው ነገር ልክ ነው አይደል የተባለው? እንግዲያስ እነዚህ ከወልደዮሐንስ አፍ የወጡ ናቸው። በነዚህ የተሰጠው ምን እንደሆነ አንተው ጻፍልኝ፣ በዚያው ልክ እከፍላለሁ።»

ሒሳብ ያዡ ማርኮቹን አየ። አንዱን ሊያነሣ እጁን ዘርግቶ መለሰው። መብሻውን ኪሱ ከቶ፣ ለሊቀመንበሩ ነግሬ ሰኞ እመለሳለሁ ብሎ ወጣ። እንደሚመለስም ሁሉም ያውቃሉ።

ወሰኔ መዶሻውን ከባንኮኒው ሥር አወጣ። መቃኑ ከላይ እስከ ታች ሞልቷል፤ ጉበኑ ላይ ብቻ ትንሽ ቦታ ቀርታለች። አንዱን ማርክ አንሥቶ ወደዚያ ተንጠራራ፤ ሰንሰለቱ ያሳበጠው አንጓው ግን ሚስማሩን አላስይዝ አለው። ዘነበ ነጯን ገመድ ከትከሻው ፈትቶ ኪሱ ከተተ፣ ቀርቦም ሚስማሩን ያዘለት።